«እንደ ቤተሰብ ነሽ» የሚለው ቃልና የሞግዚት የሥራ ሰዓት

በሜልቦርን የቪክቶሪያና የራስል መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን 888 የሚል ቁጥር የተሸከመ ሐውልት ቆሟል። ትርጉሙ ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት መዝናኛ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1856 በሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ግንባታ ላይ የነበሩ ድንጋይ ጠራቢዎች መሣሪያቸውን ጥለው ወደ ፓርላማው ሕንፃ በሰልፍ በመትመም ላስገኙት ድል መታሰቢያ ነው። ድሉ በአሠሪ ቸርነት የተሰጠ ሳይሆን በትግል የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድል ወደ ሌላው የሥራ መስክ ሲስፋፋ ከመኖሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰው ቤት እያደረች ልጅ የምታሳድገው ሴት የሥራ ቀኗ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ የሚናገርላት ሐውልት የለም።

ጥያቄው የሩቅ ሰው ጥያቄ አይደለም። የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው «ክፍልና ምግብ በነፃ፣ በምትኩ ልጅ መጠበቅ» በሚል የቃል ስምምነት ሰው ቤት የሚገቡ እህቶች በመካከላችን አሉ። ሥራው ልጆቹን ከትምህርት ቤት በማምጣት ይጀምራል። ቀጥሎ የልጆቹ ራት ይመጣል፤ ከዚያም የቤተሰቡ ሁሉ ራት፣ የልብሱ አጠባ፣ የቤቱ ጽዳት ይከተላል። በመጨረሻም ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ሌሊት መነሣት ይጨመራል። ቅር ቢላት የምትሰማው መልስ አንድ ነው፦ «አንቺ እኮ እንደ ቤተሰብ ነሽ!»

ይህን ቃል ከአገራችን እናውቀዋለን። በደላላ ከገጠር የመጣችው ልጅ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ እንግዳ እስኪሸኝ በእግሯ ስትቆም፣ እመቤቲቱ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ትላለች። ልጅ ከሆነች ስለምን ከማዕዱ አትቀርብም? ስለምን ትምህርት ቤት አትላክም? ቤተሰብነቷ የተቆጠረው ለግዴታ እንጂ ለመብት አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ደጃፉን አልተሻገረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አሠሪው ከቤቱ የሚኖረውን ሠራተኛ ጤንነት ለመጠበቅ በመኖሪያው፣ በምግቡና በሥራና በዕረፍት ጊዜው ረገድ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። የሰዓት ቁጥር ግን አይጠቅስም። በመሆኑም «ተገቢ» የሚባለውን በተግባር የሚወስነው አሠሪው ራሱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሠራተኛውን ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ሲወስን፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ጉዳዩን ለደንብ ይተወዋል።

ሰዓት የሌለው ሥራ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሜልቦርን ራሷ አይታለች። በማውንት ዌቨርሊ ሰፈር ከሕንድ የመጣች አንዲት አሮጊት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 ድረስ ልጅ እያሳደገች፣ እያበሰለችና እያጸዳች በባርነት ተይዛ ኖራለች። በ2021 የቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚስት ላይ የ8፣ በባል ላይ የ6 ዓመት እስራት ፈረደ። ማንኛውም ሞግዚት ባሪያ ናት ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ ሰዓት በማይቆጠርበትና በር በሚዘጋበት ቤት ውስጥ ከውለታ እስከ ባርነት ያለው መንገድ አጭር ነው።

እንግዲህ ተገቢው ምንድን ነው? የአውስትራሊያ ሕግ መደበኛውን የሥራ ሳምንት በ38 ሰዓት ይወስናል። ተጨማሪ ሰዓት ተገቢ መሆኑ የሚመዘነው በሠራተኛው ጤንነት፣ በግል ኑሮው፣ በክፍያውና አስቀድሞ በተሰጠው ማስታወቂያ ጭምር ነው። ደመወዝ በገንዘብ ይከፈላል፤ አልጋና ወጥ ደመወዝ አይደሉም። በጁላይ 1 ቀን 2025 ብሔራዊው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 24.95 ዶላር ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ጄኔቭ ላይ የጸደቀው 189ኛው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነትም በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይጠይቃል። ለጥሪ ተዘጋጅታ የምትጠብቅበት ጊዜም የአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን እንደ ሥራ እንዲቆጠር ይላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1ኛ/ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ልጅ መጠበቅና የቤቱ ሁሉ ሥራ ተለይተው ይጻፉ።
2ኛ/ የሌሊት መነሣት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር።
3ኛ/ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ከቤት የመውጣት መብቷ ይጠበቅ።
4ኛ/ ፓስፖርቷና የክፍሏ ቁልፍ በእጇ ይሁኑ።

በተማሪ ቪዛ ያለች እህት በትምህርት ወቅት በሁለት ሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ ተወስኗል። ይህ ገደብ በመጥፎ አሠሪ እጅ ማስፈራሪያ ይሆናል። ነገር ግን ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ ሠራተኛን በቪዛው አስፈራርቶ ማሠራት ራሱ ወንጀል መሆኑን ሁላችንም እንወቅ፤ ለሌሎችም እናሳውቅ።

ከሁሉ የሚከብደው እንቅፋት ግን ይሉኝታ ነው። አሠሪው ያገር ልጅ ሲሆን «እንዴት ወገኔን ሰዓት ልቁጠርበት?» ይባላል። ወገንነት ሰዓት ከመቁጠር የሚጀምር እንጂ በመቁጠር የሚፈርስ አይደለም። በቤይሩት ያሉ የቤት ሠራተኞች እህቶቻችን እጅግ በከፋ ሁኔታ ውስጥ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር አቋቁመዋል። እነሱ ያን ካደረጉ፣ ከሐውልቱ ፊት ለፊት ባለው የሠራተኞች ማኅበራት አዳራሽ የስደተኛ ሠራተኞች ማዕከል ክፍት ሆኖ እያለ እኛ ዝም የምንልበት ምክንያት የለም።

የሞግዚቷ ሰዓት ይቆጠር!