ስህተቱን ያመነ ማኅበር መሬቱን ያድናል

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባባሉ ለሰው ጤና ብቻ ሳይሆን ለማኅበር ሥራም ያገለግላል። ለዚህም በአገራችን የአፈር ጥበቃ ሥራ ላይ የደረሰው በቂ ምስክር ነው።

በ1970ዎቹ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሸዋ፣ በሐረርጌና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር የገበሬ ማኅበራት አባላት በምግብ ለሥራ ፕሮግራም እጅግ ብዙ እርከን ሠርተዋል። ድካሙ ከፍተኛ፣ ዓላማውም ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ እርከኑ የት፣ በምን ያህል ርቀትና በምን ዓይነት ይሠራ የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው ከላይ ይወርድ ነበር እንጂ ከባለማሳው ጋር አይመከርበትም ነበር። በመሆኑም በአንዳንድ ቦታ እርከኑ ከመጠን በላይ ተቀራርቦ የበሬ መዞሪያ አሳጣ፤ የድንጋይ ካቡም የአይጥ መራቢያ ሆነ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ደልዳላ ሆኖ የተሠራው እርከን ውሃ እያቆረ ሰብሉን ጎዳ፤ ሲሞላም እየተጣሰ የታችኛውን ማሳ ቦረቦረ።

ገበሬው ይህን ሲናገር ብዙ ጊዜ የተሰጠው መልስ «ግንዛቤ ይጎድለዋል» የሚል ነበር። ሂስና ግለ ሂስ በየስብሰባው ቢነሳም ዕቅዱ ራሱ ለሂስ አልቀረበም። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ቁጥጥሩ ሲላላ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የተተከለውም ደን ተጨፈጨፈ።

ትምህርቱ ግን ባክኖ አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ዕቅዱ ከነዋሪው ጋር እንዲወጣ አዘዘ። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ገበሬዎችም የተራቆተ መሬታቸውን በጋራ አልምተው በ2004 ዓ.ም. የኢኳተር ሽልማትን ተቀብለዋል።

የእርከን ስህተት የሚጋለጠው በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነው። ስለሆነም የማኅበር መሪ በማግስቱ ከአባላቱ ጋር ማሳ ለማሳ ዞሮ ውሃ የቆመበትንና ካብ የተጣሰበትን መመልከት ይገባዋል። ዝናብ በሚበዛበት አገር እርከኑ በ100 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር ያልበለጠ ዝቅታ ኖሮት ውሃውን በዝግታ ወደተዘጋጀ መውረጃ ማድረስ አለበት። ከራስጌው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሳይቆፈር ከግርጌው ተጀምሮ ከሆነ፣ ሥራው ከላይ እንደገና ይጀመር።

ከዚያም መሪው ስብሰባ ጠርቶ «ልኩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ» ይበል። ማሳው የተጎዳበት ገበሬ በማኅበሩ የጋራ ጉልበት ይጠገንለት። ተተኪው ኮሚቴ እንዳይደግመውም ስህተቱ በቃለ ጉባዔ ይመዝገብ።

እንዲህ ማድረግ ክብርን ይቀንሳል ብሎ የሚሰጋ መሪ ይኖር ይሆናል። ክብርን የሚቀንሰው ግን ጎርፍ አፈሩን ሲወስደው እያዩ ዝም ማለት ነው። የፈረሰ እርከን በአንድ በጋ ይጠገናል፤ ታጥቦ የሄደ አፈር ግን በልጅ ልጅ ዘመንም አይመለስም።