ከምርመራው ወረቀት በኋላ

«ልጁ ያንተ አይደለም» የሚል የምርመራ ውጤት በእጁ የገባ አባት፣ በአማኑኤልም ይኑር በአዲስ አበባ፣ ሐዘኑ አንድ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህ መከራ በእናንተ ወይም በጎረቤታችሁ ቤት ቢደርስ ምን ታደርጋላችሁ?

በመጀመሪያ፣ በቁጣ ቀን ውሳኔ አይወሰንም። ናሙና ሊቀያየር ስለሚችል ምርመራው በታወቀ ተቋም ይደገም።

ሁለተኛ፣ ሕጉን እንወቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ይገምታል። ባል ልጁን ሊክድ የሚችለው በፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ክሱም መወለዱን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ ስላወጣ፣ የአማኑኤል ነዋሪ ይህንኑ ከሕግ ባለሙያ ጠይቆ ይረዳ።

ከሁሉ በላይ ግን ሕፃኑ ጥፋት የለበትም። ትናንት «አባዬ» ብሎ ከደጃፍ የተቀበለው ልጅ ዛሬም ያው ነው። የባልና ሚስት ጠብ በፊቱ አይነሣ፤ ከሐሜትም ይጠበቅ። እናቶች ሆይ፣ እውነቱን አትሸሽጉ፤ ልጁ ቢታመም ሐኪም የወላጆቹን የጤና ታሪክ ይጠይቃል። ዕድሜው ሲደርስም ነገሩን ከባዳ ሳይሆን ከእናንተ አፍ ይስማ።

በቀድሞው ልማድ ባዳው ማር የተቀባ ጣት ጠብቶ የጡት ልጅ ይሆን ነበር። በትኩሳቱ ሌሊት አብሮት ያደረ፣ ደብተርና እርሳስ የገዛለት አባትማ ከዚያ የጠበቀ ማሰሪያ አለው።