ፎቶ ኮፒና የደራሲ መብት በዩኒቨርሲቲ ግቢ

በኢትዮጵያ የደራሲን መብት የሚጠብቀው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ጥበቃው ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል፣ ምዝገባም አይጠይቅም። ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም። አዋጅና ደንብም ባለመብት ስለሌላቸው የሕግ ተማሪ ማንንም ሳያስፈቅድ ያባዛቸዋል።

እንደ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ባለ ግቢ ጥያቄው የሚነሳው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ነው። ሕጉ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ለጋስ ነው። ተማሪ ለግል ጥናቱ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ እንዲያነሳ በመርህ ደረጃ ይፈቅዳል። መምህርም ለትምህርቱ የሚበቃውን ያህል፣ ምንጩንና ደራሲውን ጠቅሶ ማባዛት ይችላል። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ትርፍ ሳይፈልግ ለጠያቂው አጭር ጽሑፍ ወይም ቅንጭብ ቀድቶ መስጠት አይከለከልም። መምህሩ ከአንድ መጽሐፍ ጥቂት ገጾች በሃንድአውት መልክ ቢያድል ችግር የለውም። ያው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ተባዝቶ፣ በስፓይራል ተጠርዞ ከግቢው በር ላይ ሲሸጥ ወይም ፒዲኤፉ በቴሌግራም ሲበተን ግን ነገሩ ከማስተማር ይወጣል። አዋጁ በቅድሚያ የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና በኢትዮጵያ የሚኖሩ ደራሲያንን ሥራ፣ እንዲሁም መጀመሪያ እዚህ የታተመውን ነው። እንግዲህ ጉዳቱ ቀድሞ የሚያርፈው በአማርኛ በሚጽፈው ሰው ላይ ነው። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ በወንጀል ይጠየቃል።

«ስሙን ጠቅሻለሁ» ማለት ፈቃድ አይሆንም። የሌላን ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በዩኒቨርሲቲው ደንብ የሚታይ ጥፋት ሲሆን፣ ያለፈቃድ ማባዛት ግን ስም ቢጠቀስም በሕግ ያስጠይቃል። ሁለቱ በየክፍሉ ይቀላቀላሉ።

መብት የተማሪውም ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ የራሱ ነው፤ ሠራተኛ በሥራው የሚያዘጋጀው ግን ሌላ ውል ከሌለ የአሠሪው ይሆናል። ዳንግላ ወርዶ የአዊኛ ዘፈን የሚቀዳ ተማሪ አስቀድሞ የዘፋኙን ፈቃድ ማግኘት አለበት። በአገው ፈረሰኞች በዓል የተነሳ ፎቶግራፍ ደግሞ የፎቶ አንሺው ነው፣ ለ25 ዓመት ይጠበቃል፤ ከፌስቡክ ወርዶ የመጽሐፍ ሽፋን መሆን የለበትም።

ያለ ስጋት የሚነበበውም ትንሽ አይደለም። የ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። ሪሰርችፎርላይፍ በተባለው ፕሮግራም በኩል የኢትዮጵያ ተቋማት በርካታ ጆርናሎችን በነፃ ያገኛሉ። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያላቸው መጻሕፍትም ደራሲው እስከተጠቀሰ ድረስ ለክፍሉ በሙሉ ሊባዙ ይችላሉ። ፈቃዱ ለንግድ መጠቀምን ከከለከለ ግን አባዝቶ በትርፍ መሸጥ አይቻልም።