የከተማ ቋሚ ገንዘብ፤ የክሊቭላንድ ፋውንዴሽንና የሰፈር በጎ አድራጎት ማኅበራት

የበጎ አድራጎት ማኅበር ማቋቋም እምብዛም አይከብድም። ሰባት ስምንት ጓደኛሞች ተሰብስበው ደንብ ያረቃሉ፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ማኅተም ያስቀርጻሉ። ጭንቁ የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያው መዋጮ ያልቅና የቤት ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝና የመብራት ዕዳ ሲጠየቅ፣ ማኅበሩ የቆመለትን ሥራ ትቶ በየደጁ ገንዘብ ፍለጋ ይንከራተታል። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባገደ ጊዜ በአገራችን ያሉ ብዙ ድርጅቶች ሥራ አቁመው ሠራተኞቻቸውን ማሰናበታቸው የዚሁ ጭንቅ ትልቁ መልክ ነው። ገንዘቡ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ የሚቆምበትንም ቀን የሚቆርጠው በሩቅ ያለው ሰው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለተማሪ ወገኖቼ ለመግለጽ የምሞክረው፣ አንድ ከተማ የራሷን ማኅበራት በራሷ ሰዎች ገንዘብ ለመደገፍ ያወጣችውን ዘዴ ነው። ዘዴው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ይባላል። የተጀመረው በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ በ1914 ነው። (ስለ አሜሪካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፋውንዴሽን በተባለ ቁጥር ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሮክፌለርና የፎርድ ስም ነው። እነዚያ የአንድ ባለጸጋ ሀብት ናቸው፤ ገንዘቡም ወደ ወደደው የዓለም ክፍል ይሄዳል። የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ግን የብዙ ሰዎች፣ የባለጸጋውም የመምህሩም ስጦታ በአንድ ላይ የሚጠራቀምበትና በአንድ ከተማ ወይም አውራጃ ክልል ብቻ የሚሠራ ነው።

አሳቡን ያፈለቀው ፍሬድሪክ ጎፍ ሕግ ዐዋቂና የክሊቭላንድ ትረስት ባንክ ፕሬዚዳንት ነበር። በሥራው ጠባይ የሟቾች ኑዛዜ ይቀርብለታልና፣ ሙታን ሕያዋንን እንዴት አድርገው እንደሚያስሩ ያይ ነበር። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን ነገር «የሙት እጅ» ይሉታል። ምሳሌው የታወቀ ነው። የሴንት ሉዊስ ከተማ ከንቲባ የነበረው ብራያን ሙላንፊ በ1851 ሲሞት የሀብቱን ሲሶ፣ በከተማይቱ በኩል አድርገው ወደ ምዕራብ ሊሰፍሩ ለሚሄዱ ችግረኛ መንገደኞች መርጃ ይሁን ብሎ ተናዘዘ። ነገሩ በዘመኑ መልካም ነበር። በኋላ ግን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፣ በጋሪ የሚጓዘው ስደተኛም ቀረ፤ ገንዘቡ በቃሉ ታስሮ ሲጠራቀም የከተማይቱ ድሆች ዳር ቆመው ይመለከቱ ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በ1790 ሲሞት ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ፓውንድ ትቶ፣ የእጅ ሙያ ተምረው ለጨረሱ ወጣቶች በብድር እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ፋብሪካው ሲስፋፋ የዚያ ዓይነት ሙያተኛ እያነሰ ሄደ። እንደ ፍራንክሊን ያለ ብልህ ሰው እንኳ የመቶ ዓመቱን አላየም፤ እንግዲህ ማን ያያል?

የጎፍ መፍትሔ ይህ ነው። ዋናው ገንዘብ በባንክ ተጠብቆ ይኖራል፤ የሚወጣው ትርፉ ነው። ትርፉን የሚያከፋፍሉት አምስት ዜጎች ናቸው። ሁለቱን ባንኩ፣ አንዱን የከተማው ከንቲባ፣ አንዱን የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ አንዱን ደግሞ ኑዛዜ የሚመረምረው ፍርድ ቤት ዳኛ ይመርጣሉ። ሰጪው ፈቃዱን ሊጽፍ ይችላል፤ ነገር ግን ያሰበው ጉዳይ ዘመን ያለፈበት ወይም የማይሠራ ሆኖ ሲገኝ ኮሚቴው ገንዘቡን ወደሚቀርበው ሌላ ጉዳይ ለማዞር ሥልጣን አለው። እንደ እኔ አስተያየት የአሳቡ ሁሉ ቁልፍ ይህች አንዲት አንቀጽ ናት።

በመጀመሪያ ግን ፋውንዴሽኑ ገንዘብ አልነበረውም። ኑዛዜ ሰው ሲሞት የሚሠራ ነገር ስለ ሆነ፣ የተናዘዙት ሁሉ ገና በሕይወት ነበሩ! ጎፍ ይህን ባዶ ጊዜ ለምርመራ ተጠቀመበት። በ1915 እና በ1916 የከተማው ትምህርት ቤቶች በሌናርድ ኤይርስ መሪነት ተመረመሩ፤ ውጤቱም በ25 ትንንሽ መጻሕፍት ታትሞ ወጣ። በ1922 ደግሞ የሃርቫርዶቹ የሕግ መምህራን ሮስኮ ፓውንድና ፊሊክስ ፍራንክፈርተር የመሩት፣ ስለ ከተማው ወንጀልና ፍርድ አሰጣጥ የተደረገው ትልቅ ጥናት ታተመ። ጎፍ በ1923 ሲሞት ገንዘቡ ገና ትንሽ ነበር። ዛሬ የፋውንዴሽኑ ሀብት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

አሁን ወደ ማኅበራቱ እንምጣ፤ ፋውንዴሽኑ የሰፈር ማኅበርን የሚያጠነክረው በምን በምን ነው?

የመጀመሪያው የታወቀው ስጦታ ነው። በዚህም ውስጥ ልዩነት አለ። ብዙ ሰጪዎች ገንዘባቸው ለሚታይ ነገር እንዲውል ይወዳሉ፤ ስማቸው የሚጻፍበት ክፍል፣ ሪባን የሚቆረጥበት ጉድጓድ ውሃ ይሻሉ። የጸሐፊዋን ደመወዝ የሚከፍል ግን አይገኝም። በከተማው የሚኖርና ማኅበሩን ለብዙ ዓመት የሚያውቅ ፋውንዴሽን ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ሊሰጥ ይችላል፤ ማኅበሩን የሚያቆመውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ማኅበሩ የራሱ ቋሚ ገንዘብ እንዲኖረው መርዳት ነው። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ቢያጠራቅም ብቻውን የገንዘብ ዐዋቂ ቀጥሮ ሊያስተዳድረው አይችልም። በፋውንዴሽኑ ዘንድ ቢያስቀምጠው ግን ከሌሎች ገንዘብ ጋር በአንድነት ይሠራበታል። በየዓመቱ ከመቶ አምስት ቢወጣለት አሥር ሺህ ዶላር ይሆናል። አሥር ሺህ ዶላር መጦሪያውን አያኖርም፤ ቢሆንም መጥፎ ዓመት ሲመጣ በሩ እንዳይዘጋ ያግዛል።

ከዚህም ሌላ የሒሳብ አያያዝ ማስተማር፣ የቦርድ አባላትን ማሠልጠን፣ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሦስት ማኅበራትን አገናኝቶ ማነጋገር አለ። ማነጋገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ያለው ሰው ሲጠራ ሁሉም ይመጣል። በክሊቭላንድ የሆነው ይህ ነው። ከተማይቱ ፋብሪካዎቿ እየተዘጉ ሕዝቧ አልቆ ነበር፤ በ1966 በሃፍ ሰፈር በተነሣው ሁከት አራት ሰዎች ሞተዋል። በዚያው አካባቢ ታላላቅ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲ ቆመው ሳለ የሚገዙትን ዕቃ ሁሉ ከሩቅ ያመጡ ነበር። ፋውንዴሽኑ እነርሱንና የከተማውን አስተዳደር በአንድ ጠረጴዛ ሰብስቦ ባደረገው ምክክር በ2009 ኤቨርግሪን የተባለው የልብስ ማጠቢያ ተከፈተ። የሆስፒታል አንሶላ የሚያጥብ ሲሆን ባለቤቶቹ ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። በ2023 ደግሞ ፋውንዴሽኑ ቢሮውን ከመሐል ከተማ አንሥቶ ወደ ሃፍ አቅራቢያ አዛወረ።

ነገሩ ሁሉ ወርቅ ነው ማለቴ አይደለም። ዛሬ በአሜሪካ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች ከሚይዙት ገንዘብ ከፍ ያለው ክፍል፣ ሰጪው በሕይወት ሳለ «ለእገሌ ስጡልኝ» እያለ የሚመክርበት ዓይነት ነው። ባለጸጋው ገንዘቡን ባስገባ ቀን የግብር ቅነሳውን ያገኛል፤ ማኅበሩ ግን መቼ እንደሚደርሰው የሚያስገድድ ሕግ የለም። የግል ፋውንዴሽኖች ከሀብታቸው በየዓመቱ በመቶ አምስት ያህል እንዲያወጡ ሕግ ያዝዛቸዋል፤ በዚህ ላይ ግን አይሠራም። ጎፍ የሙታንን እጅ ሊያላቅቅ ተነሥቶ ነበር፤ የሕያዋን እጅም ይጨብጣል ለካ!

በእኛ አገር ይህን የመሰለ ነገር ይቻል ይሆን? እድርን የሚያውቅ ሰው መልሱን አይቸኩልበትም። እድር ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ፣ ወርኃዊ መዋጮውን ሳያስተጓጉል የሚሰበስብ ማኅበር ነው፤ በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመንም በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን ረድተዋል። ሕግም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 483 ጀምሮ ንብረትን ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው ስለ መመደብ ተጽፏል፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ማኅበራት ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ፈቅዷል።

ችግሩ በሌላ በኩል ነው። የክሊቭላንድ ዘዴ ዋናው ገንዘብ ዋጋውን ይዞ ይኖራል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። እኛ ዘንድ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በመቶ ከ30 በላይ ነበር፤ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ በመቶ 7። መቶ ሺህ ብር አስቀምጦ ሰባት ሺህ ብር ወለድ የሚያወጣ ማኅበር ዋናው ገንዘቡ ዝናብ ላይ እንደ ተተወ አሞሌ ይሟሟበታል። ስለዚህ ሙከራው በብር ሳይሆን በቤት ቢጀመር ይሻላል፤ ማኅበራት በጋራ ሕንጻ ሠርተው ኪራዩን ቢከፋፈሉ፣ ኪራዩ ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያከራክረው ግን አምስቱን ሰዎች ማን ይምረጣቸው የሚለው ነው። የክሊቭላንድ ሰዎች ሀብታቸውን ያስረከቡት ዳኞቹንና ባንኩን ስላመኑ ነው። በአዲስ አበባ ሁለቱን የእድሮች ኅብረት፣ አንዱን ፍርድ ቤት፣ አንዱን የሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበር ቢመርጥ ሕዝቡ የሚቀበለው ይመስለኛል። አምስተኛውን ማን ይምረጥ በሚለው ላይ የአንባብያንን አሳብ በሚቀጥለው እትም ማየት እወዳለሁ።