ከትዝታው በስተጀርባ ያሉት እናቶች

ውድ አንባቢ፤ ልጅነትዎን ሲያስታውሱ ቀድሞ ትዝ የሚልዎ ምንድን ነው? የትኩስ ዳቦ ሽታ፣ የሠፈር ሜዳ ወይም የትምህርት ቤት ደወል ሊሆን ይችላል። ዳቦውን ለመጋገር ገና ሳይነጋ የተነሣችው፣ ለደብተር መግዣ ከአስቤዛው ላይ የቀነሰችው እናት ግን ከትዝታው ውስጥ ብዙ ጊዜ አትገኝም። ልጅ የሚያስታውሰው እጁ የገባውን ነገር እንጂ ነገሩ እንዴት እጁ እንደገባ አይደለምና።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ዛሬ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር የከተማ ዳርቻዎች ያደጉ ሰዎች ካረጁም በኋላ የማይረሷቸውን አንዳንድ ነገሮች እናነሣለን። ከእያንዳንዱ ትዝታ በስተጀርባም የእናቶችን ድርሻ እንፈልጋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእነዚህ ዳርቻዎች አንዱ፣ ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ዉድፎርድ፣ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት ከ1936 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት የሚሟገተውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበረው እዚያ ሆነው ነው። በ1927 የተወለዱት ልጃቸው፣ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የጻፉት የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚሁ ሠፈር ነበር። እናትና ልጅ በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኖረዋል። የልጁ የልጅነት ሠፈር የእናቱም የሥራ ቦታ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሌሎቹ ዳርቻዎች እንለፍ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በእንግሊዝና በዌልስ 4 ሚሊዮን ገደማ ቤቶች ተሠርተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ግድግዳ የተያያዙ፣ ከፊታቸው አነስተኛ የአበባ ቦታ፣ ከኋላቸው ጓሮ ያላቸው ነበሩ። የለንደን አስተዳደር ከ1921 ጀምሮ በዳገነም አካባቢ ያሠራው የቤኮንትሪ መንደር ብቻ ከ25,000 በላይ ቤቶች ነበሩት። በተጨናነቁት የምሥራቅ ለንደን ሠፈሮች ይኖሩ የነበሩ የሠራተኛ ቤተሰቦች ወደዚያ ሲዛወሩ፣ ብዙዎቹ የራሳቸውን መታጠቢያ ቤትና ጓሮ ያገኙት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ልጆቹ ከዚህ ኑሮ የሚያስታውሱት ጨዋታውንና ብርዱን ነው። መኪና እምብዛም ስለማያልፍ መንገዱ ሜዳቸው ነበር። በብርድ ወራት ጠዋት ሲነሡ የመኝታ ክፍሉ መስኮት ከውስጥ በኩል በረዶ ጋግሮ ያገኙትና በጣታቸው ሥዕል ይሥሉበት ነበር። እሳት የሚነደው በአንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ልብሳቸውን አቅፈው ወደዚያ ይሮጣሉ። እሳቱ ግን በራሱ አልነደደም። እናት ቀድማ ተነሥታ የትናንቱን አመድ ጠርጋ፣ የድንጋይ ከሰሉን ከውጭ አምጥታ አያይዛዋለች። ሰኞ ደግሞ የልብስ ቀን ነበር። ውኃ አፍልታ፣ ልብሱን ፈትጋ፣ በእጅ በሚዞር መጭመቂያ ጨምቃ እስክታሰጣ ቀኑ ይመሽባታል።

ሁለተኛው ትዝታ የራሽን ደብተር ነው። ምግብን በራሽን ማደል የተጀመረው በጃንዋሪ 1940 ሲሆን፣ ጦርነቱ በ1945 ካበቃ በኋላም ቀጥሎ ጨርሶ የተነሣው በጁላይ 1954 ነው። እንዲያውም በጦርነቱ ጊዜ ያለገደብ ይሸጥ የነበረው ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ሆኗል። ለነፍሰ ጡሮችና ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የሚሰጠው ደብተር አረንጓዴ ነበር። ባለ አረንጓዴ ደብተር በወተት፣ በእንቁላልና በፍራፍሬ ቅድሚያ ያገኛል። ልጆች ግን ይህን አያወሱም፤ የሚያወሱት ከረሜላን ነው። ከረሜላ በአፕሪል 1949 ከራሽን ወጥቶ፣ ፈላጊው ከአቅርቦቱ ስለበለጠ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ገባ። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1953 ሲለቀቅ ልጆች ሳንቲማቸውን ጨብጠው ወደ ሱቅ ሮጡ። ያን ቀን እስኪያዩ ድረስ እናቶቻቸው ለሥጋና ለስኳር ስንት ዓመት እንደተሰለፉ ማን አስተዋለ? ለስኳርና ለዘይት ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ ግን ይረዳዋል።

ሦስተኛው ትዝታ ወተት ነው። በ1946 በወጣ ሕግ መሠረት በየትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ 190 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ አንዲት ጠርሙስ ወተት በነፃ ትታደል ጀመር። በብርድ ጊዜ ወተቱ በረዶ ሆኖ ክዳኑን እየገፋ ይወጣ፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ለብ ብሎ ያቅለሸልሽ እንደነበር እየሳቁ ያወሩታል። ለእናት ግን ያቺ ጠርሙስ ቀላል ነገር አልነበረችም። ቤት ውስጥ የጎደለው በትምህርት ቤት ይሞላል ማለት ነበር። ከጁላይ 5 ቀን 1948 ጀምሮ ሕክምና ለሁሉም በነፃ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጤና መድን ለተቀጠረ ሠራተኛ እንጂ ለቤተሰቡ አልነበረም። ስለዚህ በብዙ ቤት እናት ስትታመም የሐኪም ክፍያ ፈርታ ሕመሟን ዋጥ አድርጋ ትውል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የማክሰኞ ትዝታ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ብዙ ልጆች የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው ፖስታ ቤት ይሄዱ ነበር። እናት ደብተሯን አሳይታ፣ ከበኩሩ ቀጥሎ ለተወለደው ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 5 ሽልንግ ትቀበላለች። ሃያ ሽልንግ አንድ ፓውንድ ስለነበር ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ከባል ሳይጠየቅ የሚገኝ ነበር።

ገንዘቡ በእናት እጅ እንዲገባ የተደረገው በትግል ነው። የምክር ቤት አባል የነበሩት ኤሊኖር ራትቦን፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር መንግሥታቸው ያሳየውን ቸልተኝነት በግልጽ የነቀፉ ሴት ናቸው። ስለ ቤተሰብ አበልም ከ20 ዓመት በላይ ተሟግተዋል። ክርክራቸው የአባት ደመወዝ የልጆቹን ቁጥር አይቶ አይከፈልም፣ ልጅ ማሳደግም ሥራ ነው የሚል ነበር። በ1945 መንግሥት ያቀረበው ረቂቅ ሕግ ግን አበሉን ለአባት የሚሰጥ ሆነ። ራትቦን ይህ ካልተለወጠ ዕድሜያቸውን የደከሙለትን ሕግ ራሳቸው እንደሚቃወሙ አስታወቁ። በመጨረሻም ምክር ቤቱ አበሉ የእናት እንዲሆን አሻሻለው። ራትቦን ግን ፍሬውን አላዩም፤ በጃንዋሪ 1946 አረፉ፤ የመጀመሪያው ክፍያ የተፈጸመው ኦገስት 6 ቀን በዚያው ዓመት ነው። የባሏ ደመወዝ ቤት ሳይደርስ በመጠጥ ቤት ለሚቀርባት ሴት ያ 5 ሽልንግ የልጅ ጫማ ነበር።

አምስተኛው ትዝታ ቁልፍ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እናቶች ፋብሪካ እንዲገቡ በተፈለገ ጊዜ ከ1,300 በላይ የሕፃናት ማቆያዎች ተከፍተው ነበር። ወንዶቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ብዙዎቹ ተዘጉ። ሥራዋን ያልተወች እናት ልጅ የቤቱን ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ ከትምህርት ቤት ወደ ባዶ ቤት ይገባ ጀመር። ወቀሳው በማን ላይ እንደወደቀ አያጡትም። ማቆያውን የዘጋው ሳይሆን እናቲቱ ተወቀሰች።

ቤት የዋለችውም ቢሆን አልደላትም። ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቤትናል ግሪን ከተባለው የምሥራቅ ለንደን ሠፈር ወደ ዳርቻ የተዛወሩ ቤተሰቦችን ኑሮ አጥንተዋል። በቀድሞው ሠፈር ሴት ልጅ አግብታም ከእናቷ ደጅ አትርቅም ነበር፤ አያት ልጅ ትይዛለች፣ የታመመ ታስታምማለች። አዲሱ ቤት ንጹሕና ሰፊ ነው፤ አያት ግን በአቅራቢያ የለችም። ባል ወደ ሥራ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሴቲቱ ብቻዋን ትቀራለች።

የመጨረሻው ትዝታ አንድ ፖስታ ነው። በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ነፃ ቢያደርግም፣ ልጆች በ11 ዓመታቸው ገደማ ተፈትነው ይለያዩ ነበር። ጥቂቶቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያደርሰው «ግራመር» ትምህርት ቤት ይገባሉ። ከቀሩት ብዙዎቹ በ15 ዓመታቸው ወደ ሥራ ይሰማራሉ። ውጤቱ በፖስታ ሲመጣ የአንድ ቤት ልጆች በሁለት መንገድ ይለያያሉ። በዚያ ዕድሜ ሴቶች ልጆች ከወንዶች የተሻለ ውጤት ያመጡ ስለነበር፣ በብዙ ቦታ የሴቶቹ ማለፊያ ነጥብ ከወንዶቹ ከፍ ይደረግ ነበር። አንዲት ልጅ ካለፈው ወንድሟ በላይ ነጥብ አምጥታ ወደቅሽ ልትባል ትችላለች ማለት ነው። ፈተናው በአብዛኛው የእንግሊዝ ክፍል ቢቀርም፣ በአንዳንድ አካባቢዎች ዛሬም አለ።

ውድ አንባቢ፤ ይህን ሁሉ ያነሣነው የሰው አገር ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። የእነዚያ ልጆች ትዝታ ያማረው እናቶቻቸው ስለደከሙ ነው። ነገር ግን ድካም ብቻውን አልበቃም። በትምህርት ቤት የሚሰጥ ወተት፣ በእናት እጅ የሚገባ ገንዘብና በአቅራቢያ የሚገኝ ማቆያ ሲኖር ድካሙ ፍሬ አፈራ፤ እነዚህ ሲጎድሉ እናቲቱ ብቻዋን ተሸከመችው፣ ተወቀሰችበትም።

እርስዎም ቤትዎን ይመልከቱ። ለልጆች ወጪ የሚውለው ገንዘብ በማን እጅ ነው? ከሥራ እስኪመለሱ ልጁን ማን ይጠብቀዋል? ሴት ልጅዎ ከወንድሟ እኩል የማጥኛ ሰዓት አላት ወይስ ጓዳው ይጠብቃታል? ጥያቄዎቹን ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩባቸው።

እናትዎ በሕይወት ካሉ ደግሞ አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ያ በልጅነትዎ የሚወዱት ዳቦ ዱቄቱ በምን ገንዘብ ይገዛ እንደነበር ይጠይቋቸው። መልሱን ልጆችዎ እየሰሙ ቢሆን መልካም ነው።