«ልንፋ ወይስ እምቢ ልበል?»፦ የትንፋሽ ምርመራና የእምቢታ ዋጋ



በአሜሪካ የሕግ ተማሪ ሳለሁ፣ ሚኒሶታ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከፖሊስ ጣቢያ ደወለልኝ። ጠጥቶ በማሽከርከር ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር። በግዛቲቱ ሕግ መሠረት ከምርመራው በፊት ጠበቃ እንዲያማክር ስልክ ቢሰጠውም፣ የሚያውቀው ጠበቃ ስላልነበረው ወደ እኔ ደወለ። «ወንድሜ፣ ልንፋ ወይስ እምቢ ልበል?» አለኝ። እኔም ሳላመነታ «በራስህ ላይ ማስረጃ እንድትሰጥ የሚያስገድድህ የለም፤ እምቢ በል» አልሁት። ምክሬ ስሕተት ነበር። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ስሕተቱ ከምን የመነጨ እንደሆነ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ ሦስት ምርመራዎችን እንለይ። አንደኛው ፖሊስ በመንገድ ዳር በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የሚያደርገው ቅድመ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ከተያዘ በኋላ በጣቢያ የሚደረገውና ለፍርድ ቤት በማስረጃነት የሚቀርበው የትንፋሽ ምርመራ ነው። ሦስተኛው የደም ምርመራ ነው። የእምቢታ ውጤት በሦስቱም አንድ አይደለም። ለምሳሌ በቨርጂኒያ የመንገድ ዳሩን ምርመራ እምቢ ማለት አያስቀጣም፤ የጣቢያውን ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ ግን፣ የመጀመሪያ ጊዜው ቢሆን እንኳ፣ መንጃ ፈቃዱን ለ1 ዓመት ያጣል።

የዚህ ቅጣት መሠረት «በሕግ የተገመተ ፈቃድ» የሚባለው መርሕ ነው። በ1953 በኒውዮርክ ተጀምሮ ወደ ሁሉም ግዛቶች የተስፋፋው ይህ መርሕ፣ በሕዝብ መንገድ የሚያሽከረክር ሰው በሕግ አግባብ ቢያዝ ለመመርመር አስቀድሞ እንደተስማማ ይቆጥራል። እንግዲህ በጣቢያ የሚቀርበው ጥያቄ «ትስማማለህን?» የሚል ይመስላል እንጂ፣ በሕግ ዓይን «ስምምነትህን ታፈርሳለህን?» የሚል ነው።

እኔ የተሳሳትሁት እምቢ ማለት መቻልን ከመብት ጋር በማምታታቴ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 በሽመርበር ጉዳይ፣ በራስ ላይ ያለመመስከር መብት የሰውን ቃል እንጂ ደሙን እንደማይጠብቅ ወሰነ። በ1983 በኔቪል ጉዳይ ደግሞ እምቢታው ራሱ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል፣ እምቢ የማለት ዕድልም ሕግ አውጪው በችሮታ የሰጠው እንደሆነ ገለጸ። በ2016 በበርችፊልድ ጉዳይ፣ ከተያዘ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ትንፋሽ መውሰድን ፈቀደ፤ ያለ ማዘዣ ደም መስጠትን እምቢ ያለን ሰው በወንጀል መቅጣትን ግን ከለከለ። ትንፋሽ መውሰድ አካልን አይወጋም፤ ከአልኮሉ መጠን በቀር ሌላ ምስጢርም አይገልጥም።

በዚሁ ውሳኔ ትንፋሹን አልሰጥም ያለ የሚኒሶታ ነዋሪም ተካትቶ ነበር፤ ክርክሩን ተረታ። በሚኒሶታ እምቢታ ራሱን የቻለ ወንጀል ነውና። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ0.08 በመቶ በላይ አልኮል ተገኝቶበት፣ መጠኑም 0.16 ሳይደርስ ከሚቀርብበት ክስ ይልቅ የእምቢታው ክስ ይከብዳል። የአክስቴ ልጅ በእኔ ምክር ከቀላሉ ሸሽቶ ወደ ከባዱ ገባ።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን ላቅርብ። እምቢታ ዐቃቤ ሕግን ቁጥር ያሳጣዋል። የእምቢታ ቅጣት አስተዳደራዊ ብቻ በሆነባቸው ግዛቶች ይህ ጥቅም ሊመዝን ይችላል፤ የቀድሞ ጥፋት ላለበት ሰውም ሚዛኑ ይለያያል። ሆኖም ፖሊስ ከዳኛ ማዘዣ አውጥቶ ደም ሊያስቀዳ ይችላል። በአንጻሩ የነፋ ሰው ውጤቱን በፍርድ ቤት ሊሞግት ይችላል፦ መሣሪያው በአግባቡ ተስተካክሏልን? በአፍ የቀረ አልኮል ውጤቱን እንዳያዛባ ከምርመራው በፊት ለ15 ደቂቃ ያህል ተጠብቋልን? እምቢ ያለ ሰው ግን የሚሞግተው ቁጥር የለውም።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘን ሰው በማስገደድ ከሚገኝ የእምነት ቃል ይጠብቀዋል። ትንፋሽ ቃል ነውን? ይህን ጥያቄ ለእናንተ እተዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ ቢደውልልኝ «ንፋ» ወይም «አትንፋ» አልለውም። «የትኛውን ምርመራ ነው የጠየቁህ? እምቢ ብትል ቅጣቱ ምን እንደሆነ ነግረውሃልን?» እለዋለሁ፤ ቀጥሎም «ስልኩን ዝጋና በዚያው ግዛት ፈቃድ ላለው ጠበቃ ደውል» እለዋለሁ። የማያውቁትን ሕግ በእርግጠኝነት መናገር ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስከፍለው ከእርሱ ተምሬአለሁ።