አንድ ክፍል፣ ብዙ ቤት፦ ልዩ ልዩ አስተዳደግ ያላቸውን ልጆች ስለ ማስተማር ጥናቶች ምን ይላሉ?

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በቤታቸው አማርኛ፣ ስፓኒሽ፣ ዐረብኛ፣ ሶማልኛ ወይም ቬትናምኛ የሚነጋገሩ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት የተለመደ ሆኗል። መምህሩ አንድ ነው፤ መጽሐፉም አንድ ነው፤ ፈተናውም ለሁሉም በአንድ ቀን ይሰጣል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ልጅ ወደ ክፍሉ ይዞት የሚገባው ቋንቋ፣ ዕውቀትና ሥርዓት የተለያየ ነው። ታዲያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት መስጠት ሁሉንም በእኩልነት ማስተማር ነውን? ይህ ጥያቄ የሥነ ልቦና፣ የቋንቋና የሕግ ባለሙያዎችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያነጋግር ቆይቷል።

አንድ ዓይነት ማለት እኩል ማለት አይደለም

በአሜሪካ ለጥያቄው ግልጽ ምላሽ ከሰጡት ውሳኔዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1974 የተላለፈው «ላው እና ኒኮልስ» የተባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እንግሊዝኛ የማያውቁ 1,800 ያህል የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ምንም የቋንቋ ድጋፍ ሳያገኙ በእንግሊዝኛ ብቻ ይማሩ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ መምህርና ያንኑ ሥርዓተ ትምህርት ማቅረብ ብቻውን እኩልነት እንደማይሆን ወሰነ። ለውሳኔው መሠረት የሆነው በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በዚያው በ1974 የወጣ ሌላ ሕግም፣ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የቋንቋ መሰናክል ለማስወገድ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል።

የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ

አንድ ልጅ ወደ አዲስ አገር ከገባ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ፣ እየቀለደና ቴሌቪዥን እያየ ቋንቋውን በፍጥነት ይለምዳል። ወላጆችም መምህራንም «እንግሊዝኛው ተስተካከለ» ይላሉ። በካናዳ የሚኖሩት ምሁር ጂም ከሚንስ ግን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ባቀረቧቸው ጽሑፎች፣ ሁለት ዓይነት የቋንቋ ችሎታ መለየት እንዳለበት አመልክተዋል። የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ሊለመድ ይችላል። የትምህርት ቋንቋ ግን ልጁ ከአገሬው ተወላጅ እኩዮቹ እንዲደርስ ቢያንስ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሁኔታው ነው። በጨዋታ ጊዜ የተናጋሪው ፊት፣ የእጁ ምልክትና በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ትርጉሙን ያግዛሉ። በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ስለ ትነት የተጻፈውን አንቀጽ የሚያስረዳው ቃሉ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እኩዮቹ ቆመው አይጠብቁትም፤ በየዓመቱ እነርሱም ወደፊት ይራመዳሉ።

ይህን ልዩነት አለማወቅ የልጅን ዕጣ እስከ መወሰን ይደርሳል። ከሚንስ በካናዳ ከ400 በላይ የስደተኛ ልጆችን የሥነ ልቦና ምዘና ሰነዶች መርምረው ነበር። ልጆቹ አቀላጥፈው ስለሚናገሩ መዛኞቹ የቋንቋ ችግር እንደሌለባቸው ይገምታሉ፤ ዝቅተኛ ውጤታቸውንም የአእምሮ ድክመት አድርገው ይተረጉማሉ። በዚህ ምክንያት፣ ጊዜና ድጋፍ ብቻ የሚያስፈልገው ልጅ የመማር ችግር እንዳለበት ተቆጥሮ ወደማይገባው ክፍል ሊመደብ ይችላል። ተቃራኒውም ስሕተት አለ። በእርግጥ የመማር ችግር ያለበት ልጅ «ቋንቋው ሲስተካከል ይሻሻላል» እየተባለ ዓመታት ያልፉበታል። ሁለቱንም ለመከላከል የሚረዳው፣ ልጁ በተቻለ መጠን በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲመዘን ማድረግ ነው።

የቤት ቋንቋ ዕዳ ነውን?

አንዳንድ ወላጆች «ልጁ እንዳይምታታበት በቤትም እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» የሚል ምክር ይሰጣቸዋል። ጥናቶች ይህን ምክር አይደግፉም። በአንድ ቋንቋ የተገኘ ዕውቀት ወደ ሌላው ይሻገራልና። ውኃ ሲሞቅ ወደ እንፋሎት እንደሚለወጥ በአማርኛ የተረዳ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚቀረው ስሙን መያዝ ነው። ፊደል ቆጥሮ ማንበብ የቻለ ልጅም፣ የተጻፈ ምልክት ድምፅን እንደሚወክል ዳግመኛ አይማርም። የሚማረው፣ በአማርኛ በአንድ ፊደል የሚጻፉት ተነባቢና አናባቢ በላቲን ፊደል ተለያይተው እንደሚጻፉ ነው።

የሰዋስው ስሕተትም ምንጭ አለው። በአማርኛ ግሱ የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ሆኖ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ይገባል። ይህን የሚያውቅ መምህር የቃላቱን መዘበራረቅ እንደ ስንፍና አያየውም፤ ከየት እንደ መጣ ተረድቶ ያቃናዋል። እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ወላጅም በዚያ ቋንቋ ለልጁ የሚሰጠው አጭር ትእዛዝ ነው፤ በአማርኛ ግን ተረት፣ ማብራሪያና ክርክር ሊሰጠው ይችላል።

የሚያውቁትን ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ1988 ሬክትና ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ 64 ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ታሪክ አስነበቡ። ግማሾቹ ጎበዝ አንባቢዎች፣ ግማሾቹ ደካሞች ነበሩ፤ በሁለቱም ወገን ቤዝቦልን ጠንቅቀው የሚያውቁና የማያውቁ ነበሩ። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ፤ ጨዋታውን የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች እጅግ የተሻለ ተረድተው ተገኙ። ታሪኩ ስለ ገና ጨዋታ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ፣ በኢትዮጵያ ያደገ ልጅ በዚያ ክፍል ምን ያህል ጎበዝ ይባል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው፣ መምህሩ ከንባቡ በፊት ለተማሪዎቹ ባዕድ የሆነውን ነገር ማስረዳት እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ከቤት ይዘውት በመጡት ዕውቀት ላይ መገንባት እንደሚቻል ነው። በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ ሉዊስ ሞልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን የተማሪዎቻቸውን ቤት የጎበኙት ለመምከር ሳይሆን ለመማር ነበር። በድኻ ሠራተኛ ቤተሰቦች ዘንድ ስለ እርሻ፣ ስለ ግንባታ፣ ስለ ንግድና ስለ ባህላዊ መድኃኒት የተከማቸ ሰፊ ዕውቀት አገኙ፤ ከዚያም ተነሥተው ትምህርት አዘጋጁ።

በኢትዮጵያውያን ቤትም እንዲህ ያለ ሀብት አለ። በወር 500 ዶላር የሚጥሉ 20 አባላት ያሉት ዕቁብ ለባለ ዕጣው 10,000 ዶላር ያስገኛል። በመጀመሪያው ወር የደረሰውና በሃያኛው ወር የደረሰው ሰው የሚቀበሉት ገንዘብ እኩል ነው፤ ነገር ግን የፊተኛው ያለ ወለድ እንደ ተበደረ፣ የኋለኛው ደግሞ እንደ ቆጠበ ይቆጠራል። ይህ የሂሳብ ትምህርት ነው። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ደቂቅ ተሕዋስያን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያስወጣሉ፤ የእንጀራው ዐይን ሲወጣ የሚያይ ልጅ የሥነ ሕይወት ትምህርቱን በምጣዱ ላይ ያገኘዋል።

ዝምታ ሲተረጎም

ልዩነቱ በቋንቋ ብቻ አይገታም። ታላቅ ሰው ሲናገር ዐይንን ሰበር ማድረግና ሳይጠየቁ አለመናገር በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ይህንኑ ጠባይ የምዕራብ አገር መምህር እንደ ድብቅነት ወይም እንደ ግድ የለሽነት ሊወስደው ይችላል። በአንጻሩ፣ ልጁ በክፍል የለመደውን «ለምን?» የሚል ጥያቄ በቤት ሲያነሣ እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። ሁለቱንም ሥርዓት በስም ለይቶ «በዚህ እንዲህ ነው፤ በዚያ ደግሞ እንዲያ» ብሎ የሚያስረዳው ሰው ያገኘ ልጅ ከሁለቱም ሳይጋጭ ያድጋል።

እርስ በርስ እንዲፈላለጉ ማድረግ

ልዩ ልዩ ልጆችን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ብቻውን አያቀራርባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ ነጮች፣ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ ጠብ ተነሣ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰንና ተማሪዎቻቸው ሁኔታውን ሲያጠኑ፣ የክፍሉ ውድድር ጠቡን እንደሚያባብሰው ተመለከቱ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው እጁን ለማውጣት ዕድል ያገኛልና።

ያቀረቡት መፍትሔ «ጂግሶ» ይባላል፤ ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ አንድ ሥዕል እንደሚሆነው ጨዋታ ማለት ነው። ትምህርቱ በአምስት ወይም በስድስት ይከፈልና ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ክፍል ይሰጠዋል። ልጁ ያንኑ ክፍል ከያዙ የሌሎች ቡድኖች ልጆች ጋር ተለማምዶ ይመለስና ለጓደኞቹ ያስተምራል። ፈተናው ከሁሉም ክፍሎች ስለሚወጣ፣ ቋንቋው የሚንተባተበውን ልጅ ማላገጥ የራስን ውጤት መጉዳት ይሆናል፤ ስለዚህ ጓደኞቹ በትዕግሥት እየጠየቁ ያናግሩታል። በጥናቶቹ የተሳተፉ ልጆች እርስ በርስ ይበልጥ ተዋደዱ፤ የጥቁርና የላቲን ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ውጤትም ተሻሻለ፤ የነጮቹም አልቀነሰም።

ከወላጅ የሚጠበቀው

ወላጅ ስለ ልጁ ከመምህሩ የተሻለ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ልጁ ቀድሞ የተማረበትን ቋንቋ፣ የትምህርት መቋረጥ ገጥሞት እንደሆነ፣ በአማርኛ ማንበብና ማስረዳት መቻል አለመቻሉን። በአማርኛ ታሪክን አሳምሮ የሚተርክና ነገርን በምክንያት የሚያስረዳ ልጅ በእንግሊዝኛ ፈተና ዝቅ ቢል፣ ይህ መረጃ ለመምህሩ ከውጤቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ወደ ልዩ ክፍል እንዲገባ ሲጠየቅ፣ ምዘናው በየትኛው ቋንቋ እንደ ተካሄደ መጠየቅ ይገባዋል። በስብሰባውም ልጁ ራሱ እንዳያስተረጉም፣ ሌላ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ቢጠይቅ ነገሩ ሳይዛባ ከሁለቱም ወገን ይደርሳል።